የጾማችን ትርፍ ወዴት ይሄዳል?

የደብተሩ ሰው (ደሴ)
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ቤተሰቦች። ሙያዬ ሒሳብ መያዝ ነው። አመል ሆኖብኝ የቤታችንንም ወጪ ከክብሪት ጀምሮ በደብተር እጽፋለሁ። ባለቤቴ «ቤቱን መሥሪያ ቤት አደረግኸው» እያለች ትስቅብኛለች።

ዛሬ በሁዳዴ «ምኩራብ» የሚባለው እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው ጌታ በቤተ መቅደስ የገንዘብ ለዋጮቹን ገበታ ስለገለበጠበት ቀን አስተማሩ። ስለ ገንዘብ ሲወራ ጆሮዬ ስለሚነቃ ይሁን አላውቅም፣ ቤት እንደገባሁ ምሳ ሳይቀርብ ደብተሬን ገለጥኩ። ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ነው፤ ዛሬ ሁለት ሳምንት ሞላው። የእነዚህን ሁለት ሳምንታት የምግብ ወጪ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁለት ሳምንታት ጋር አስተያየሁት። ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱና ሥጋው ተደምሮ የፍስኩ 5,240 ብር ነው። የጾሙ 6,115 ብር።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ስህተት የለውም።

ብሩ የት እንደገባ ደብተሩ ይናገራል፦ ዘይት፣ አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ለልጆቹ ጭማቂ፣ የጾም ኬክ፣ ባለፈው እሑድ ደግሞ ከእንግዶች ጋር ሆቴል የበላነው በያይነቱ። ቅቤውን ተውነው፤ ከዚያ የቅቤው ቦታ ባዶ እንዳይሆን ተሯሩጠን ሞላነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቆያለን፣ እውነት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ግን የምንቀመጥበት ገበታ የሠርግ ይመስላል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጾም መተው ከሆነ እኔ ምን ተውኩ? የተውኩት ነገር ትርፍ ካለው ትርፉ የማን ነው? በነገሩ እያሾፍኩ አይደለም፤ እንቅልፍ ነስቶኛል።


ጦሳ ግርጌ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣ ሒሳብህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። የቅበላውን ወጪ በየትኛው ዓምድ ጻፍከው? በእኛ ቤት የቅበላ ሳምንት ብቻውን የአንድ ወር ቀለብ ይበላል።


የደብተሩ ሰው
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቅበላውን የያዝነው ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ወጪው በእሱ ደብተር ነው፤ ለነገሩ እሱ ደብተር የለውም።


ዲያቆን ዘአምባሰል
መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የዋዛ አይደለም። ከሥሩ ልነሳ፤ ብረዝምም ታገሠኝ።

የምንጾመው 55 ቀን ነው። ዐርባው ጌታ ከተጠመቀ በኋላ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው ነው። የመጨረሻው ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ጾመ ሕርቃል ይባላል። ሕርቃል በ7ኛው መቶ ዘመን የነገሠው የቢዛንታይን ንጉሥ ነው። ፋርሶች በ614 ኢየሩሳሌምን ወረው መስቀሉን ማርከው ነበርና ዘምቶ አስመለሰው። እኔ የአምባሰል ልጅ ስለሆንኩ ይህ ሳምንት ሲነበብ ልቤ ወደ ግሸን ይሄዳል። ያ የተማረከ መስቀል ግማደ መስቀሉ መጥቶ ያረፈው፣ ተራራው ራሱ መስቀል በሆነው አምባ፣ በአገራችን ነው ብለን እናምናለን። ጾማችን የሚጀምረው እንግዲህ ተወስዶ በነበረና በተመለሰ ነገር መታሰቢያ ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 6 አውጥተህ ቅደም ተከተሉን ተመልከት። ጌታ መጀመሪያ ስለ ምጽዋት ይናገራል፤ ቀጥሎ ስለ ጸሎት፤ ጾም የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። እኛ ሦስተኛውን ይዘን ሁለቱን ረሳን። በነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ደግሞ ሕዝቡ «ስለ ምን ጾምን፣ አንተም አልተመለከትኸንም?» ብሎ እግዚአብሔርን ይሞግታል። መልሱ እንጀራህን ለተራበ እንድትቆርስ፣ ስደተኛውን ድሃ ወደ ቤትህ እንድታገባ ነው። የተበላሸው ጾም ከገበታው በኩል ብቻ የተያዘው ነው ማለት ነው።

ቅዱስ ያሬድም በጾመ ድጓው «ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን፣ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ሕሡም» ይላል። ዐይን፣ አንደበት፣ ጆሮ። ሆድን ከእነዚህ ጋር አልጠራውም፤ የሆድ ጾም ያለቀለት ጉዳይ ነውና ከእሱ ወዲያ ስላለው ነው የሚዘምረው።


ሰሚራ ከሸዋ በር
መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ አብሽር፣ ብቻህን አይደለህም። ረመዳን የካቲት 22 ገብቶ እኛም ጾመኞች ነን፤ ዘንድሮ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ሆኗል። የእኔ እናት ያንተን ጥያቄ በሌላ አነጋገር ነው የምታነሳው። ለማፍጠር የምንደረድረውን ሳምቡሳ፣ ሾርባና ተምር አይታ «የቀኑን ጾም ማታ በሉት» ትላለች።

እኛ ዘንድ ግን ሰው ሊያመልጠው የማይችል ነገር አለ። ከዒድ ሰላት በፊት ዘካተል ፊጥር ይሰጣል፤ እህል ተሰፍሮ በቤተሰቡ ራስ ልክ፣ ለሕፃኑም ሳይቀር። በእርጅና ወይም በማይድን ሕመም መጾም ያልቻለ ሰው ደግሞ ፊድያ አለበት፤ ላልጾመው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ ያበላል። እና ትርፉ የማን ነው ላልከው፣ በእኛ ዘንድ ባለቤቱ የታወቀ ነው። እናንተም ዘንድ ሳይኖር አይቀርም፤ ዲያቆን ይንገሩን።

(የታችኛዋ ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት። በዘጠኝ ሰዓት እሷ ትበላለች፣ እኔ ሽታውን እችላለሁ። ማታ እኔ ስበላ እሷ ደግሞ የእኔን የሥጋ ሾርባ ሽታ ትችላለች። ተያይዘናል።)


ቦርከና ዳር
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከኮምቦልቻ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ነገሩ ከመነሻው አይገባኝም። እግዚአብሔር የእኔን ቅቤ ምን ያደርግለታል? በሮሜ ምዕራፍ 14 የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላም በሚበላው ላይ አይፍረድ ተብሎ ተጽፏል። ያደግሁት በጾም ቤት ነው። ጾም ሲገባ አባቴ ይቆጣ ነበር። እኛ ልጆቹ ሁዳዴን የምናውቃት በአባታችን ቁጣ ነው። ስለ ምጽዋት የምትሉት መልካም ነው፤ ሳይጾሙም ይሰጣል።


ዲያቆን ዘአምባሰል
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ የጠቀስከው ቃል ለሁለታችንም የተጻፈ ነውና እኔ አልፈርድብህም። ለእግዚአብሔር ቅቤው አይጠቅመውም፤ ለእኔ ግን አለመብላቱ ይጠቅመኛል። ፈታኙ ወደ ጌታ ቀርቦ መጀመሪያ ያነሳው ድንጋዩን እንጀራ ስለማድረግ ነው። ሥጋ ሲጠይቅ ወዲያው ካገኘ ጌታ ይሆናል፤ «ቆይ» መባልን ከለመደ አገልጋይ ይሆናል። በእንጀራ «ቆይ» ያልተባለ ሰው በቁጣውም፣ በምኞቱም «ቆይ» ማለት ይቸግረዋል። አባትህ ሆዳቸውን ከልክለው ቁጣቸውን ለቀውት ከሆነ አዝናለሁ። ጾሙን ከደጃፉ ተመለሱበት እንጂ ጾሙ አልበደላችሁም።


የላስታ ልጅ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም በትሕትና ልቃወማችሁ። ጾምን የበጀት ጉዳይ አደረጋችሁት።

ላሊበላ ነው ያደግሁት። ጾሙ ሲገባ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፅ ነው። ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ይዘምማሉ፤ ዜማው ይረዝማል፣ ይከብዳል። ልጅ ሆኜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ከቋጥኙ ጥላ ተጠግቼ ቅዳሴውን ስሰማ ሆዴ ይጮህ ነበር። በዚያ ረሃብ ውስጥ የሰማሁት ቃል እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ጠግቤ የሰማሁት ግን ብዙው ጠፍቷል። ሊቃውንቱ ጾምን የጸሎት እናት፣ የዝምታ እኅት፣ የእንባ ምንጭ ይሏታል። ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው ነው በደብተር የሚጻፈው?

በሰሙነ ሕማማት ሰው «ኪርያላይሶን» ዐርባ አንድ ጊዜ እያለ ሲሰግድ ጉልበቱ ይላጣል። ይህ ለድሃ ምንም አይጨምርለትም። ግን አንድ ሰው በእግዚአብሔር ፊት አፈር መሆኑን በአካሉ ያወቀበት ሰዓት ነው። ሁሉን ነገር ጥቅሙን እየመነዘራችሁ አትለኩት እላለሁ።


የደብተሩ ሰው
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተቀብያለሁ። ግን ወንድሜ፣ አንተ ሆድህ ይጮህ ነበር። የእኔ ሆድ አይጮህም፤ ችግሬ እሱ ነው።


ሐይቅ ዳር (ጡረተኛ መምህር)
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጆቼ፣ ስትከራከሩ አራት ቀን ሙሉ አነበብኳችሁ። የምነግራችሁ የመጽሐፍ ነገር አይደለም።

የካቲት 1977 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ፣ ታናሽ እኅቴና እኔ ከደጋ ወርደን ባቲ መጠለያ ገብተን ነበር። አባቴን መንገድ ላይ ቀብረናል፤ ያንን ዛሬ አልጽፈውም።

ጾሙ መግባቱን የሚነግረን ደወል አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ቄስ ቀኑን በጣታቸው ሲቆጥሩ ከርመው «ነገ ሁዳዴ ነው» አሉ። በማግስቱ የታደለው ገንፎ የዱቄት ወተት የተጨመረበት ነው። እናቴ ተራዋ ሲደርስ የእኔንና የእኅቴን ተቀበለችና የራሷን ጣሳ ባዶውን መልሳ ከሰልፉ ወጣች። አዳዩ ልጅ ነገሩ አልገባውም፤ ጠገብኩ ያለች መስሎት ሳቀ። ከሲታ ነበረች፤ የእጇ አንጓ ከእኔው አይበልጥም።

ቄሱ አይተዋታል። እያዘገሙ መጡ፣ ጣሳዋን ከእጇ ወሰዱ፣ ሰልፉን ያዙ፣ አስሞሉት፣ ከዚያ ተመልሰው እፊቷ ቆመው ጠጡ። ዕድሜ ልካቸውን ጾም ገድፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። ወተቱ ጢማቸው ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ግማሹን ሰጧትና «ልጄ፣ ይህ ረሃብ ነው፤ ጾም አይደለም። የሚጾም ያለው ሰው ነው፤ የሌለው ምኑን ይተዋል? ጠጪ። ሲኖርሽ ትጾሚያለሽ» አሏት። ጠጣች። እያለቀሰች ጠጣች።

እኛ ወሎዬዎች ስለ ጾም ስንናገር ከሌላው ሰው የተለየ ነገር ማወቅ አለብን እላለሁ። ረሃብና ጾም ሁለቱም ሆድን ባዶ ያደርጋሉ። ልዩነታቸው ከሆድ ውጭ ነው፤ አንዱን መርጠህ ትገባበታለህ፣ ሌላው መርጦህ ይመጣል። ስለዚህ በ58ም፣ በ66ም፣ በ77ም የሞቱብን ሰዎች ጾመኞች ናቸው እያሉ ነገሩን ማሳመር ኃጢአት ይመስለኛል። ጾመኛ ለመሆን ዕድል አላገኙም።

እናቴ ያንን «ሲኖርሽ» የሚለውን ቃል እንደ ዕዳ ይዛው ኖረች። ወደ ቀያችን ከተመለስን በኋላ እህል ሲገኝ በጾም ቀን ጠዋት ለቁርሳችን የሚሆነውን በእፍኟ ሰፍራ ከማድጋው ታወጣና በአንዲት ቅል ውስጥ ትጨምረው ነበር። በየቀኑ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ይርበኛል፣ ቅሉ ሲሞላ አያለሁ። «ለምን አንበላውም?» ስላት «የጾምነው እኛ ነን እንጂ እህሉ አልጾመም፤ የሚበላው ሰው ይፈልጋል» አለችኝ። ቅሉ ሲሞላ ማታ በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ትወጣለች። ለማን እንደምትሰጠው ሳናውቅ አረፈች።

የላስታው ልጄ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። እናቴም ትሰግድ ነበር፣ ታለቅስ ነበር። ቅሉ ግን ነበረ።


ጦሳ ግርጌ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ ሌላ ነገር አልጽፍም።


ዲያቆን ዘአምባሰል
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባታችን፣ እናትዎ ያደረጉት በጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ አንብበውት ግን አይመስለኝም። በግዕዝ ተተርጉሞ የኖረ የሄርማ መጽሐፍ አለ። በዚያ ውስጥ ጾመኛው በጾሙ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ይታዘዛል። የደብተሩ ሰው ወንድሜ፣ «አስልቶ» የሚለውን ልብ በል። ሙያህ ተባርኳል።

ሰሚራ እኅቴም የጠየቅሽው መልስ ይኸው ነው። እኛም ዘንድ አለ፤ የሚሰፍረው ነው የጠፋው።


ወይንሸት ከወልድያ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ የጨጓራ ሕመምተኛ ነኝ። ሐኪም ጠዋት ሳልበላ መድኃኒቱን እንዳልወስድ ነግሮኛል፤ የንስሐ አባቴም ብዪ ብለውኛል። ግን ጎረቤት ሲገባ ሳህኔን እደብቃለሁ። የመምህሩን ታሪክ አንብቤ ከደበቅሁበት አወጣሁት። ሌላ የምለው የለኝም።


ዲያቆን ዘአምባሰል
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ፣ ፍትሐ ነገሥቱም የጾም ሥርዓት በደነገገበት አንቀጽ 15 ሕመምተኛን አያስገድድም። የንስሐ አባትሽን ሰምተሻል፤ አበቃ።


የደብተሩ ሰው
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠፍቼ ቆየሁ። «ገብር ኄር» የሚባለው እሑድም አለፈ፤ ስለ መክሊት ሲሰበክ ባለቤቴ በክርኗ ስትጎሽመኝ ዋለች። የሆነውን ልንገራችሁ።

መምህሩ የጻፉትን ለቤተሰቤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። በማግስቱ በደብተሩ ላይ «ቅል» የሚል አዲስ ዓምድ ከፈትኩ። የአምስታችንን የቁርስ ዋጋ በየቀኑ እየጻፍኩ ብሩን በፖስታ አስቀመጥኩ። ሳምንት ሲሞላው ከግቢያችን ጀርባ ብቻቸውን ለሚኖሩ እማማ ይዤላቸው ሄድኩ። ፖስታውን አገላብጠው አዩትና «ምነው ልጄ፣ ሙት ዓመት አለብህ እንዴ?» አሉኝ። የለም፣ የጾም ነው አልኳቸው። «እኔም እኮ እጾማለሁ፤ እኔስ ስንት ልክፈልህ?»

አፈርኩ። የቅል ዓምድ ስከፍት ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቁጭ በል አሉኝና ቆሎ አቀረቡልኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ብዬ ሳልነካው ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም አልነኩትም፤ ሁለታችንም ቆሎውን እያየን ተጫወትን። ስነሳ «እኔን የከበደኝ ብቻዬን መቁረስ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘጠኝ ሰዓት ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ቀን አቮካዶውን አይተው «ይህ ሳሙና ነው?» ብለው ልጆቹን በሳቅ ገደሏቸው። በሦስተኛው ቀን ማጀት ገቡ። አሁን የምንበላው እልበት፣ ተልባና ሽሮ ነው። ጭማቂው ማንም ሳይከለክለው ቀረ። ሆዴ፣ የላስታው ወንድሜ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ይጮሃል። ቅዳሜ ማታ ስደምር ሳምንቱ 2,480 ብር ሆኖ ወጣ፤ በገበታው ላይ ግን አንድ ሰው ጨምረናል።

ፖስታው እስከ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እማማ ሁለት ልጆች ይዛ ተፈናቅላ የመጣች ሴት አውቃለሁ ብለውኛል። «አንተ አትሂድ፤ ታስፈራታለህ፤ እኔ እወስደዋለሁ» አሉ። ለማን እንደሚሰጡት በደብተሩ ላይ እንዳልጽፍም አስምለውኛል።

አሁን የቤቱ ክርክር ስለ ስልጆ ነው። ባለቤቴ እማማ ስናፍጩን አብዝተውታል ትላለች። እማማ ደግሞ የዛሬ ሴት አፍንጫዋ ሰንፏል ይላሉ።


ሰሚራ ከሸዋ በር
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማሻአላህ! ስልጆው ስንት ቀን ሆነው?


የደብተሩ ሰው
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነገ አራተኛው ነው። ክዳኑን እንዳልነካ ተከልክያለሁ።